የዜማ ቅርጫ

በሬው ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ሲደለደል፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም ከሻኛውም ለእያንዳንዱ ባለድርሻ እኩል እንዲደርሰው፣ የማን መደብ የትኛው እንደ ሆነም ዕጣ እንዲለየው የደነገጉት አበው ጠቢባን እንደ ነበሩ የሚክድ የለም፤ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ይህንኑ የቅርጫ ሥርዓት ከሥጋ ወደ ዜማ ያሻገሩት የዘመናችን ባለሙያዎች ከአበው ይልቅ ጠቢባን መሆናቸውን ለመመስከር ነው።

አዲስ የወጣ አልበም ገልጠን መደቡን እንቁጠር። አንዱ ዘፈን ለሙሽሮች ነው፣ ሠርግ አይጠፋምና፤ ሁለተኛው ለእናት፣ ሦስተኛው ለአገር፤ አራተኛው ዋሽንግተን ተቀምጦ አገሩን ለሚናፍቅ ወገን የተመደበ ትዝታ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ጉራጊኛ፣ አንድ ኦሮምኛ፣ አንድ ትግርኛ፤ ሬጌውም አልተረሳም። ግጥሙን የጻፈው ዜማውን ከደረሰው፣ ዜማውን የደረሰው ካቀናበረው ጋር ሳይተያይ፣ ለሁሉም የሚበቃ፣ ማንንም የማያስቀይም መደብ ተሰናዳ። ሰባተኛው ከስድስተኛው በኋላ ለምን መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ጨጓራው ከጉበቱ በፊት ለምን ተቀመጠ ብሎ ባለድርሻውን እንደሚያስቸግር ነገረኛ ይቈጠራል።

ይህን ጥበብ ያልተረዱ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል። ሙላቱ አስታጥቄ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1972 ኒውዮርክ ላይ በስሙና በአገሩ ስም የሰየመውን ሸክላ ሲቀርፅ፣ ከመጀመሪያው ዜማ እስከ መጨረሻው አንድ የድምፅ ኅብር እንዲሰፍንበት ደከመ፤ የሠርጉን መደብ ግን ፈጽሞ ዘነጋው። አምሃ እሸቴም ከ1969 ጀምሮ ትንንሾቹን ሸክላዎች ሲያሳትም፣ በአንዱ ገጽ አንድ፣ በሌላው ገጽ አንድ ዘፈን አኑሮ፣ ሁለት ዘፈን ነው ብሎ ሸጠ እንጂ ሌላ ስም አላወጣለትም። እኛ ዐሥራ አራት ባዕዳንን በአንድ ሽፋን ጠቅልለን አልበም እንላለን። ቃሉ ወደ ዘፈን ዓለም የገባው፣ አንዱ ገጽ ከሦስት ከአራት ደቂቃ በላይ የማይዝ ሸክላ በነበረበት ዘመን፣ ረጅም ድርሰት በብዙ ሸክላ ላይ ሲበተን፣ እነዚያን ሸክላዎች እንደ ፎቶግራፍ መጽሐፍ አንድ ላይ ከሰበሰበው ጥራዝ ነው። የተበተነውን መሰብሰቢያ የነበረውን ስም የተሰበሰበውን ለመበተን ማዋል ቀላል ሥልጣኔ አይደለም።

የካሴቱን ዘመን ጭካኔ የምናስታውስ ደግሞ ለዛሬው ነጻነት ምስጋናችን ይበዛል። ያን ጊዜ አንድ ዘፈን ለመዝለል እስክሪብቶ በካሴቱ ጥርስ ከትቶ ማጠንጠን ነበረብን፤ ባትሪ ውድ ነበርና። ከዚህ ሁሉ ድካም መስማት ይሻላል እያልን፣ በመጀመሪያው ሳምንት የጠላነውን የሁለተኛውን ገጽ አራተኛ ዘፈን እያጉረመረምን ስንሰማው፣ በሦስተኛው ሳምንት ሳናውቀው ከሁሉ አብልጠን ወደድነው። ሰው የጠላውን እንዲወድ በስንፍናው መገደዱ እንዴት ያለ ግፍ ነው!

በቀደም ከስድስት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ የእኅቴ ልጅ በመኪናው ወሰደኝ። መሰንቆው መግቢያውን አንሥቶ ገና ዘፋኙን ሳይጠራ፣ ልጁ በአውራ ጣቱ ነካ አድርጎ አሳለፈው። «ጋሼ፣ መግቢያው እኮ ይረዝማል» አለኝ። ሜክሲኮ እስክንደርስ 19 ዘፈን ተጀምሮ አንድም አላለቀም። «ልጄ፣ ደብዳቤ ሲደርስህ ‹ለጤናህ እንደምን አለህ› የሚለውን ብቻ አንብበህ ትጥለዋለህን?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ማን ደብዳቤ ይጽፋል?» አለና ረታኝ።

ልጁ ብቻውን አይደለም፤ ታላላቆቹም ይረዱታል። አፕል በ2003 የዘፈን መደብሩን ሲከፍት አንዱን ዘፈን ከጓደኞቹ ነጥሎ በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ሸጠው። ስፖቲፋይ ደግሞ አንድ ዘፈን 30 ሴኮንድ ከተሰማ እንደ ተሰማ ይቈጥርለታል፤ ስለዚህ ብልኆቹ ዘፋኞች አዝማቹን ከደጃፉ አቁመው እንግዳውን ገና ሳይቀመጥ ያጐርሱታል። አዴል የምትባል እንግሊዛዊት ዘፋኝ በ2021 አልበሟን ስታወጣ፣ ዘፈኖቼ በዕጣ ሳይሆን እኔ በደረደርኋቸው ተራ ይሰሙልኝ ብላ ጠየቀች፤ ስፖቲፋይም ዕጣ ጣዩን ቁልፍ ከአልበሞች ፊት ዘወር አደረገላት። ደራሲ የመጽሐፉ ምዕራፎች በተራቸው እንዲነበቡለት አቤቱታ የሚያቀርብበት ዘመን መድረሳችንን ልብ ይሏል።

እንግዲህ በጎ ነገር በአንድ ስፍራ ተወስኖ ሊቀር አይገባውምና፣ ይህ ትሩፋት ወደ ቤተ ክህነትም ይዝለቅ እላለሁ። ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆመው፣ አንዱን ዜማ በመጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ብለው፣ በመቋሚያ ዘምመው፣ በጸናጽልና በከበሮ ረግደው፣ በመጨረሻ ወደ ጽፋቱ መድረሳቸው ስለ ምን ነው? ጽፋቱን ብቻ በሠላሳ ሴኮንድ አጨብጭበው ቢሸኙን ምን ይጐድላል? የመወድስ ቅኔውም ስምንት ቤት በዕጣ ይነበብ። የጽፋቱ ጣዕም ከቁሙ ትዕግሥት የተወለደ ነው የሚል መሪጌታ ቢነሣ፣ መግቢያው ረዝሟልና ይታለፍ።

ዘፋኙ አርዷል፣ ስልኩም ዕጣውን ጥሏል፤ እኛም የደረሰንን በልተን አመስግነናል። ያ በሦስት ሳምንት ውስጥ ልባችንን አርሶ ያለሰለሰው አራተኛ ዘፈን ወዴት ሄደ የሚል የዋህ ካለ ግን፣ ለቅርጫ የታረደ በሬ ለእርሻ እንደማይጠመድ አንድ ሰው ይንገረው።