ለልቦለዱ ሙሽራ ዋስ ይጠራ

የዘመኑ የፍቅር ልቦለድ አንባቢ ሊመሰገን ይገባዋል። ድሮ አንባቢ ማለት መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነበር፤ አሁን ሥራው ሰፍቶ የሙሽሪት ወገን ሽማግሌ ሆኗል፤ ያውም ያለ አበል። መጽሐፉን ሲከፍት የሚያሳስበው ታሪኩ እንዴት ተነገረ፣ ለምንስ እንዲህ ተነገረ የሚለው ተራ ጉዳይ አይደለም። የልጁ ጠባይ እንዴት ነው? ይቆጣል? ይቀናል? ዘር ማንዘሩስ? ለትዳር የሚሆን ከሆነ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል፤ የማይሆን ከሆነ አንድ፣ እሱንም ዜሮ መስጠት ስለማይቻል ነው። የደራሲዋ ድርሻ እንዲህ ያለ ልጅ ወልዳ በማሳደጓ መጠየቅ ብቻ ነው።

ይህ ሽምግልና የደረሰበትን ከፍታ ማየት የሚሻ አሜሪካዊቷ ኮሊን ሁቨር እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችውን «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» ይመልከት። መጽሐፉ ከወጣ ከዓመታት በኋላ የቲክቶክ አንባቢዎች እያለቀሱ ራሳቸውን ሲቀርጹ እንደገና ተነሣና በ2022 የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ፤ በ2024 ፊልም ሆኖ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሊሊ ብሉም አባቷ እናቷን ሲደበድብ እያየች ያደገች፣ ቦስተን ውስጥ አበባ መሸጫ የከፈተች ወጣት ናት። ራይል የሚባል መልከ መልካም የአንጎል ቀዶ ሐኪም ያፈቅራታል፣ ያገባታል፣ ይመታታል። በዚያ ላይ አትላስ አለ፤ በጉርምስናው ጎዳና ወድቆ ሳለ የደረሰችለት፣ አሁን ምግብ ቤት ያለው የመጀመሪያ ፍቅሯ።

አንደኛው ወገን ራይልን ወደደው። ከመታትም በኋላ ወደደው። ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙን ሳያውቅ በሽጉጥ መግደሉን እየጠቀሰ «ተጎድቶ እኮ ነው» የሚል የቅጣት ማቅለያ አቀረበለት፤ ያልተዋጠለትም ወደ አትላስ ዞሮ «እኔስ ለዚህ ነው የምድራት» አለ። ሁለተኛው ወገን መጽሐፉን ራሱን ከሰሰ፦ ድብደባን ፍቅር አልብሶ ይሸጣል፤ ደብዳቢን ቆንጆና የተማረ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። ሁለቱ ወገኖች ዓይንህን ላፈር ቢባባሉም የተቀመጡት አንድ አግዳሚ ላይ ነው። ልጁን ለመዳር ወይም ለማባረር እንጂ መጽሐፉን ለማንበብ የመጣ ከመካከላቸው ጥቂት ነው።

መጽሐፉ የሚሠራው እንዴት እንደሆነ ለማየት አንድ ትዕይንት ይበቃል። ራይል ትኩስ የመጋገሪያ ሳህን ከምድጃ በባዶ እጁ ሲያወጣ ይቃጠላል። ወይን የጠጣችው ሊሊ ትስቃለች። ክንዱ ይሰነዘራል፣ እሷም ስትወድቅ ዓይኗ አጠገብ ከወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን እጀታ ጋር ትጋጫለች። ወዲያው ይደነግጣል፣ ይለማመጣል፣ ይምላል። እሷም እንደ አባቴ አይደለም እያለች ራሷን ታሳምናለች። እስከዚያ ገጽ ድረስ ሲወደው የቆየው አንባቢም ከእሷ እኩል ሰበብ ይፈልግለታል፤ እጁ ተቃጥሎ ነበር፣ አስቦት አይደለም፣ አንዴ ነው። ደራሲዋ አንባቢዋን ሳሩን እያሳየች ገደሉ አፋፍ አድርሳዋለች ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ «ታዲያ ለምን ጥላው አትሄድም?» ሲል የኖረ ሰው መልሱን ከገዛ አፉ ይሰማል። ሁቨር በመጽሐፉ ማብቂያ ባሰፈረችው ማስታወሻ መነሻዋ እናቷ ከአባቷ ጋር ያሳለፈችው ኑሮ እንደሆነ ትናገራለች። የራይል ማማር ድብደባውን ለማስዋብ የገባ ጌጥ አይደለም፤ ሊሊን ያቆያት እሱ ነውና ያለ እሱ ታሪኩ አይቆምም።

ሽማግሌዎቻችን ግን እንዲህ ያለው ነገር ስለሚያደክማቸው አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከእንግዲህ ማንኛውም ወንድ ገጸ ባሕርይ ምዕራፍ አንድ ከመግባቱ በፊት ሁለት ዋስ ይጥራ፤ ከወንጀል ነፃ መሆኑንም ከፖሊስ ያጽፍ። በምዕራፍ አሥር እጁን የሚያነሣ ከሆነ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ ጥርሱ የበለዘ፣ ትንፋሹ የሚከረፋ ሥራ ፈት ሆኖ ይሣል፤ ሐኪምነት በጥብቅ ክልክል ነው። በየገጹ ግርጌ «ደራሲዋ በዚህ ድርጊት አትስማማም» የሚል ማኅተም ይመታ። በዚህ ሥርዓት የተጻፈ ልቦለድ ማንንም አያሳስትም፤ የሚያነበው ስለማይኖር።

«ቀልዱን ተወው፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን አንብባ ቅናትን ፍቅር ነው ብትልስ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ክሱ ግን አድራሻ ስቷል። ጥር 2023 ላይ ከዚህ ልቦለድ የተቀዳ፣ አዋቂዎች ቀለም የሚቀቡት የሥዕል ደብተር ሊወጣ ነው ሲባል አንባቢዎች ተቆጡ፤ ደራሲዋም ይቅርታ ጠይቃ ውጥኑ ተሰረዘ። ልክ ነበሩ። ፊልሙም ሲተዋወቅ ተመልካቹ ከጓደኞቹ ጋር አበባ አበባ ለብሶ እንዲመጣ መጋበዙን የነቀፉት ልክ ነበሩ። በሁለቱም ጊዜ የዳኙት ሻጩ የሠራውን ነው፤ ገጸ ባሕርዩን አይደለም። ልጅቷን በተመለከተ ግን፣ ክፋቱ ግንባሩ ላይ ከተጻፈ ሰው መሸሽ ለማወቅ ልቦለድ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ያልተጻፈበትን ለመለየት ነው። «አንባቢ የመሰለውን የመሰማት መብት የለውም ወይ?» ለሚልም፣ አለው እንጂ፤ ያልቅስ፣ መጽሐፉንም ግድግዳ ላይ ይወርውር። ብቻ እንባውን ፍርድ ነው ብሎ አይመዝግበው።

የሽምግልናው ፍሬ ደግሞ በእጅ የሚዳሰስ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ሊሊ የወለደቻትን ሴት ልጅ ለአባቷ አሳቅፋ ፍቺ ትጠይቃለች፤ ጠንካራ ገጹም እሱ ነው። አንባቢ ግን ሊሊ ዳግም ሳትዳር መቅረቷ አላስችል አለው፤ ወተወተ፤ ሁቨርም ያላሰበችውን ተከታይ በጥቅምት 2022 አወጣች፤ ሊሊና አትላስም ተጋቡ። እግረ መንገዴን ልበልና አትላስ እንከን የለሽ ሆኖ መቀመጡ የመጽሐፉ ድካም ነው፤ ፍቺን ሽልማት ያለው ፈተና ያስመስለዋል። ከዚህ የሚከፋም አለ። ሊሊ የራሷ ሱቅ አላት፤ ባሏ ቱጃር የሆነ ጓደኛ አለቻት፤ ያቺው ጓደኛ የራይል እህት ሆና ሳለ ከወንድሟ ይልቅ ለሊሊ ቆመች። ሱቅ የሌላት፣ የቤት ኪራዩ በባሏ ስም የሆነ፣ የባሏ ዘመዶች ደጅ የቆሙባት ሴት በየትኛው በር ትውጣ? መጽሐፉን በእውነት የሚፈትነው ጥያቄ ይህ ነበር። ለእሱ ግን ጊዜ ከየት ይምጣ፤ ጉባኤው የፊልሙ ተዋናይት ብሌክ ላይቭሊ በመጽሐፉ የ23 ዓመት ወጣት የሆነችውን ሊሊ ለመጫወት ዕድሜዋ አልገፋም ወይ በሚለው ዐቢይ ጉዳይ ላይ ተወጥሮ ነበር።