አቧራ እንዳይነካው

(ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ። አዴ ጫልቱ ሳሎን። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ኤሌክትሮሉክስ የአቧራ መሳቢያ ማሽን ዳንቴል ለብሶ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ኤሌክትሪክ ሠሪው ገመቹ ባለሞተሩን ብሩሽ ገልብጦ በካቻቢቴ ይፈታል። ሠራተኛዋ ሌንሴ ከጥግ ጀምራ በመጥረጊያ ትጠርጋለች።)

አዴ ጫልቱ፦ ቀስ እያልክ፣ ገመቹ! የበኩር ልጄ ከሚኒሶታ የላከልኝ ነው። እኔ ሳላገባ የተሠራ ዕቃ ነው አሉ።

ገመቹ፦ ምን ሆነብዎት?

አዴ ጫልቱ፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ብሩሹ አይዞርም። ደግሞ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

ገመቹ፦ (ከብሩሹ ላይ እየተረተረ) ክር፣ ፀጉር፣ የምንጣፍ ዘርፍ… ይሄስ? ቄጤማ!

አዴ ጫልቱ፦ ለገና ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የነዳሁት።

ገመቹ፦ ቄጤማ በተጎዘጎዘበት ላይ?

አዴ ጫልቱ፦ ታዲያ ቡና ያለ ቄጤማ ላፍላ?

ገመቹ፦ ብሩሹ ታስሯል። ሞተሩ ሲዞር ቺንጊያው እዚያው እየተፋተገ ይነዳል፤ የሸተተዎት እሱ ነው። ለመሆኑ ይሄ የምን ቺንጊያ ነው?

አዴ ጫልቱ፦ ጎማ ሠሪው ከካላማዳሪ ቆርጦ አስገባልኝ። እንዳይጮኽ ብዬ እኔም ዘይት ጠብ አደረግሁበት።

ገመቹ፦ ቺንጊያ ላይ ዘይት! ጭራሽ ያንሸራትተዋል እኮ። ግራሶ ለኩሽኔታው ነው፣ እሱም ትንሽ። ቺንጊያው ከላላ ይንሸራተታል፣ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ልጅዎ ጫማ ከሚልክ ልኩን ቺንጊያ ይላክ። ለጊዜው ዘይቱን ጠርጌ እመልሰዋለሁ። ትራንስፎርመሩ የታለ?

አዴ ጫልቱ፦ ያ ቴሌቪዥኑን ያስቀመጥኩበት ብረት ነው?

ገመቹ፦ ኧረ በሞቴ! የአሜሪካ ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ያለሱ ከሰኩት ሞተሩን በቁሙ ነው የሚያነዱት።

(ትራንስፎርመሩ ይመጣል። ብሩሹ ይሽከረከራል፤ የምንጣፉ ቀለም ብቅ ይላል።)

አዴ ጫልቱ፦ እሰይ! ለካ ምንጣፌ ቀይ ኖሯል!

ገመቹ፦ በየሳምንቱ ይንዱት። ፀጉርና ክር ሲጠመጠምበት በመቀስ ቆርጠው ያውጡለት፤ ዘርፉ ላይ ሲደርሱ ከፍ ያድርጉት።

አዴ ጫልቱ፦ በየሳምንቱ? አቧራ ይግባበት?

ገመቹ፦ ለአቧራ አይደል የተሠራው?

አዴ ጫልቱ፦ ይሄ ለእንግዳ ነው። በዘወትር ሌንሴ አለች።

ገመቹ፦ አዴ፣ ይሄን ነገር ማን እንዳመጣው ያውቃሉ? ጄምስ ስፓንግለር የሚባል ኦሃዮ ውስጥ ሕንጻ የሚጠርግ ሰው ነው። አስም ነበረበት፤ የመጥረጊያው አቧራ አላስተነፍስ ሲለው የሚዞር ብሩሽ ያለው ማሽን ሠርቶ በፈረንጆች 1908 የፈጠራ መብት አወጣበት።

አዴ ጫልቱ፦ አይ ምስኪን! አቧራ መቼም ጤና አይሰጥም። ሰማሽ፣ ሌንሴ?

(ሌንሴ መጥረጊያዋን ተደግፋ ታስላለች።)

አዴ ጫልቱ፦ ፊትሽን አዙሪ አንቺ! ማሽኑ ላይ እንዳታስዪበት!