ጎማ ተሳስቶ የመግዛት ጥበብ፦ ለጳውሎስ ልጆች የተዘጋጀ ምክር

ጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ የሚባል የመኪና እሽቅድምድም ጎዳና አለ። አሮጌው ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ቀን ገንዘቡን የከፈለ ሁሉ በገዛ መኪናው ይነዳበታል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ሰው የሚያወርድ ታክሲ የለም፤ በግ የሚያሻግር የለም፤ ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድም የለም። እንዲህ ያለ ቦታ የሚነዱ ሰዎች ጎማን ከጎማ የሚያወዳድሩት በሰከንድ ሽራፊ ነው።

እኛ ጳውሎሶች፣ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የምንኖረው፣ ዙር የለንም። ያለን ከሆስፒታሉ በር ተነስቶ በዊንጌት አድርጎ ወደ አስኮ የሚዘልቀው አስፋልት ነው። ፍቅሩ ግን አለን። ቪትዙን ዝቅ አስደርጎ፣ ጭስ ማውጫውን አስጮኾ፣ መንገዱ ጭር ሲል የሚፈተለክ ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋም። ችግሩ፣ ልጁ መመሪያ የለውም። መመሪያ በማጣቱም አንዳንዴ ሳያስበው ትክክለኛውን ጎማ ገዝቶ ይገኛል። ይህ እንዳይደገም የሚከተለውን ምክር በጥሞና አንብብ።

ምክር አንድ፦ ስሙን ግዛ፤ መኪናው ይለምደዋል

ጎማ ከመምረጥህ በፊት መኪናህን አትመልከት። ስሞቹን በቃልህ አጥና፦ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ካፕ 2፣ ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71አርኤስ፣ ዮኮሃማ አድቫን ኤ052፣ ቶዮ ፕሮክሲስ አር888አር። ከዚያ ጎናቸው ላይ ወደተጻፈው የማለቅ መለኪያ እለፍ። ካፕ 2 ላይ 180፣ ብሪጅስቶኑና ዮኮሃማው ላይ 200፣ ቶዮው ላይ 100 የሚል ታገኛለህ። ይህ ቁጥር ጎማው መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚበረክት የሚናገር ነው፤ መነሻው 100 የሚሰጠው የማነጻጸሪያ ጎማ ሲሆን፣ ለተራ የቤት መኪና የሚሠራ ጎማ 400ም 500ም ሊጻፍበት ይችላል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ላስቲኩ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ነው፤ መሬት ይነክሳል፣ ቶሎም ያልቃል።

አንተ ግን ይህን ሁሉ ተወው። ሰው ሲጠይቅህ «200 ማለት የሚችለው ፍጥነት ነው» በል። ውጤቱን የሚሰጠው ራሱ ጎማውን የሠራው ፋብሪካ መሆኑን፣ ስለዚህም የአንዱን 200 ከሌላው 200 ጋር ማስተያየት ብዙም እንደማያስኬድ የሚነግርህ ሰው ከመጣ ወሬውን ወደ እግር ኳስ አዙረው። አንድ ሊትር ሞተር ላለው ቪትዝ እንዲህ ያለ ጎማ መግጠም ለእርሻ በሬ የፈረስ ኮርቻ እንደመጫን ነው የሚሉህም አሉ። ቅናት ነው።

ምክር ሁለት፦ ፊደሉን እንደ ማዕረግ ቁጠረው

ከጎማው ልክ ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ። ፊደሉ ጎማው የሚፈቀድለትን የመጨረሻ ፍጥነት ያመለክታል፤ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብልዩ 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ዋይ የሚለውን ምረጥ። ከጳውሎስ መርካቶ ለመድረስ በሰልፍ ስትንፏቀቅ 300 መቻልህን ማወቁ ብቻውን ያጽናናል።

ከፊደሉ በፊት ያለውን ቁጥር ግን አትይ። እሱ የሚናገረው ስለ ሸክም ነው፤ 81 ማለት አንዱ ጎማ 462 ኪሎ ይችላል፣ 91 ማለት ደግሞ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ሸክም የድሃ ጉዳይ ነው። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከገዛህ፣ የባትሪውን ክብደት ረስተህ ለቪትዝ የሚሆን ጎማ በርካሽ ግጠምለት። ኤሌክትሪክ ሞተር ገና እግርህ ፔዳሉን ሲነካ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚያወርደው ጎማው በፍጥነት ያልቃል። አንተም በፍጥነት ሌላ ትገዛለህ፤ ነጋዴውም ይመርቅሃል።

ምክር ሦስት፦ ሙቀትን ናቅ

የእሽቅድምድም ጎማ የሚሠራው ሲሞቅ ነው። ዙር ላይ ደጋግሞ ሲታጠፍና ሲቆም ላስቲኩ ይግላል፤ ያኔ ከአስፋልቱ ጋር ይጣበቃል። ሳይሞቅ ግን ከዋጋው የሚጠበቀውን ያህል አይዝም። ጠንቃቃ ነጂዎች ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ቀስ ብለው ይነዳሉ፤ ከሞቀ በኋላም የጎማውን ነፋስ እየለኩ ያስተካክላሉ።

አንተ በኅዳር ማለዳ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ገና ሳይነሳ፣ ሞተር አስነስተህ ወዲያው ተፈትለክ። ዊንጌት ስትደርስ ጎማህ ከመኝታው አይነቃም። ከዚያ በኋላ ያለው ሰልፍ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንዳይነቃ ይጠብቅልሃል። በዚህ ዓይነት ላልተጠቀምክበት ሙቀት ሙሉ ዋጋ ከፍለሃል፤ ተሳስቶ መግዛት ማለት ይህ ነው።

ምክር አራት፦ ጥርሱ ካለቀ «ስሊክ ነው» በል

አቅም ካነሰህ አትዘን። ጥርሱ ሙልጭ ያለ አሮጌ ጎማ ከፎርሙላ ዋን ጎማ በመልክ አይለይም። የእነሱም ጥርስ የለውም፤ ታዲያ ያንተን ማን ሊነቅፈው? እርግጥ የእነሱ ከመጀመሪያውም ያለ ጥርስ የተሠራ፣ ለስላሳ፣ በሙቀት የሚጣበቅ ላስቲክ ነው። ያንተ ደግሞ መሬት የሚነክሰው ላስቲክ አልቆ የቀረ፣ የደረቀ ቅሪት ነው፤ ከሥሩ ያለው ሽቦም ሊታይ ጥቂት ቀርቶታል። ይህን ልዩነት ጎሚስታው ብቻ ስለሚያውቀው አትጨነቅ።

ሐምሌ ሲገባ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። የጎማ ጥርስ ጌጥ አይደለም፤ በጎማውና በአስፋልቱ መካከል የገባውን ውሃ የሚያወጣ ቦይ ነው። ቦዩ ከሌለ ውሃው መውጫ ያጣና ጎማውን ከመሬት ያነሳዋል፤ ያኔ መሪውን ብታዞር መኪናው አይሰማህም፣ ፍሬን ብትይዝም አይቆምም። አዲስ ጎማ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይዞ ይወጣል፤ አውሮፓውያን ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች መንዳት ከልክለዋል። ፎርሙላ ዋኖችም ዝናብ ሲመጣ ስሊካቸውን ፈትተው ባለ ጥርስ ይገጥማሉ፤ ለከባድ ዝናብ የሚገጥሙት አንዱ ጎማ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲበር በሰከንድ 85 ሊትር ውሃ ያስወጣል። እነሱ ፈሪዎች ናቸው። አንተ ከነሐሴ ጎርፍ ጋር በሙልጭ ጎማ ተፋጠጥ።

ምክር አምስት፦ የጎማን ልደት በኛ አቆጣጠር ቁጠር

ጎማው ጎን ላይ በአራት አሃዝ የታተመ የልደት ቀን አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2216 ካለ በ2016 በ22ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ወደኛ ሲመለስ ግንቦት 2008 ዓ.ም. ይሆናል።

ጎማ ተራ ስትወርድ ግን ይህን ሒሳብ ቤት ትተህ ሂድ። ነጋዴው ቀለም ቀብቶ ያብረቀረቀውን ጎማ እያሽከረከረ «የ16 ነው፤ ገና ትኩስ ነው» ሲልህ፣ «2016 ዓ.ም. ማለት ነዋ፤ ትናንት እኮ ነው» ብለህ ተቀበለው። በአንዲት ቃል ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት የቀረው ወጣትነት ሰጠኸው። ላስቲክ በአየር፣ በፀሐይና በሙቀት እየደረቀ እንደሚሄድ፣ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎም እንደሚያረጅ፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ እንደሚሰነጣጠቅ የሚያነሳ ካለ፣ «አዲስ ነው አልኩህ፤ መሬት አልነካም» በለው።

ምክር ስድስት፦ ቸርኬው ይተልቅ፤ የጎማው ጎን ይነስ

ብዙ ቪትዞች የሚጫሙት 165/70 አር14 ነው። ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ማለትም ወደ 115 ሚሊ ሜትር። አውልቀህ ጣለውና 205/40 አር17 ግጠም። ጎኑ ወደ 82 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ መኪናህም ሊያምር ይችላል። ያ የቀነሰው ጎን ጉድጓድ ሲመጣ ምቱን የሚቀበል ትራስ ነበር። አሁን ምቱ በቀጥታ ለቸርኬው ይደርሳል። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑን ስትወጣ እያንዳንዱን ድንጋይ በወገብህ ትቆጥራለህ። ጎማው ጎን ላይ እባጭ ከወጣ የውስጡ ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ሊፈነዳ ይችላል። አንተ ግን እባጩን ወደ ውስጥ አዙረህ ግጠመው፤ ከውጭ አይታይም።

ምክር ሰባት፦ ነፋስ በግምት

ትክክለኛው የነፋስ መጠን በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ሥራ የፈታ ነው። አንተ ለጎሚስታው «እንዳየኸው ሙላው» በለው። ጎማውንም በእግርህ ረግጠህ «ጥሩ ነው» ማለትን አትርሳ፤ የምርመራው ዋና ክፍል እሱ ነው።

በተለይ ወደ ቆላ ስትወርድ መለኪያ አትንካ። መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጩ አየር ስስ ነው፤ በሱሉልታ አድርገህ ዓባይ በረሃ ስትወርድ አየሩ እየከበደ ይሄድና መለኪያው ዝቅ ይላል። የበረሃው ሙቀት ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ተጣልተው እስኪታረቁ አንተ ቁልቁለቱን በፍሬን ውረድ።

ምክር ስምንት፦ ለቦሎ ቀን ተዋስ

በዓመት አንድ ቀን መኪናህ ትመረመራለች። ለዚያ ቀን የጓደኛህን ጎማ ተውሰህ ግጠም፤ ምርመራውን እለፍ፤ ቦሎውን ለጥፍ፤ ከሰዓት በኋላ ጎማውን መልስ። የቀሩትን ቀናት በሙልጩ ትነዳለህ። ደንቡን ያታለልክ ይመስልሃል፤ አስፋልቱ ግን ቦሎ አይጠይቅም።

ምክር ዘጠኝ፦ ሁለት ብቻ ቀይር፤ ያውም በግራ በኩል

አራቱንም መቀየር ለሀብታም ነው። በግራ አዲስ፣ በቀኝ ያለቀ አድርግ፤ እርጥብ መንገድ ላይ በኃይል ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወዴት እንደሚዞር አብረን እናያለን። ጥንድ ብቻ ከገዛህ ከኋላ ግጠመው የሚሉ አሉ፤ የኋላው ቀድሞ ከተንሸራተተ መኪናው ስለሚሽከረከር ነው ይላሉ። የቪትዝ ጉልበት ያለው ፊት እግር ላይ ነው ብለህ ተከራከር፤ ክርክሩ ጥሩ ይመስላል።

የመጨረሻው ፈተና

እነዚህን ሁሉ ከፈጸምክ ምሽት ላይ ልትፈትነው ትችላለህ። አራቱ ጎማዎችህ እያንዳንዳቸው መሬት የሚነኩት መዳፍ በምታክል ቦታ ብቻ ነው። ፍጥነትህ ከ40 ወደ 80 እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዘህ ለመቆም የሚያስፈልግህ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ80 ስትነዳ በደረቅ መንገድ ደህና የሚይዝ ጎማ 32 ሜትር አካባቢ ቢያቆምህ፣ የመያዝ ኃይሉ በግማሽ የቀነሰ ጎማ 64 ሜትር ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው 32 ሜትር ላይ ጧፍ ይዛ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናት፣ ከሆስፒታል የሕመምተኛ ምግብ ሳህን ይዞ የሚወጣ አስታማሚ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ተማሪ ሊኖር ይችላል። አደጋ የደረሰባቸውን የሚቀበለው አቤት ሆስፒታልም የዚሁ የጳውሎስ ሕክምና ኮሌጅ አካል ነው፤ እዚያ ግን በአልጋው አጠገብ የሚቆም ማንም ሰው ጎማው ሚሽሊን ነበር ወይስ ዮኮሃማ ብሎ አይጠይቅም።

በመጨረሻ አንድ ሰው እንድትሸሽ ልምከርህ፤ ለረጅም ዓመታት ሚኒባስ የነዳ ሾፌር። ቅዳሜ ማለዳ ጎማውን እየነካካ፣ ስንጥቁን እየፈለገ፣ ስኮርታው ነፋስ እንዳለው እየተመለከተ ታገኘዋለህ። «ጋሼ፣ ከእነዚህ የትኛው ጎማ ይሻላል?» ብትለው የአንዱንም ስም አይጠራልህም። «የት ልትሄድበት ነው ልጄ? ማንን ጭነህ?» ይልሃል። መልስ አትስጠው። ከመለስክለት የምትገዛው ጎማ ዋጋው ይረክሳል፣ ስሙም ለወሬ አይመችም፤ ከጓደኞችህ ጋር ስታወዳድር የምታመሸው ነገርም አይኖርህም።