ሊራ የማይችል ሬጅስተር

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ አሴምብሊ የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ ብሎ የፈረደብኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። እዚሁ ቤይሩት ዳር፣ ቡርጅ ሐሙድ ተወልዶ ያደገ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር የሚያጠና። «እማማ፣ ለሰው ሳስረዳ ነው የሚገባኝ» ይልና ቡና በቀረበ ቁጥር ላፕቶፑን ከስኒዎቹ አጠገብ ይዘረጋዋል። እናቱ ከሥራ የምትመለሰው ማታ ነው፤ ሰው ተብዬ እኔ ተገኘሁ።

ኮምፒውተር ብልህ ነው ሲባል ሰምቼ አምኜ ነበር። ለካ ውስጡ ሲገባ እንደሱ ያለ ደነዝ የለም! ሁለትና ሦስት ለመደመር እንኳ፦ ሁለትን ኤኤክስ ውስጥ ክተት፣ ሦስትን ቢኤክስ ውስጥ ክተት፣ ቢኤክስን ኤኤክስ ላይ ደምር። ሞቭ፣ ሞቭ፣ አድ። ካልነገሩት ንቅንቅ የለም። እኔን አሠሪዬ ማዳም «ሳሎን!» ብላ በሩን ዘግታ ስትወጣ፣ መስኮቱም፣ ምንጣፉም፣ የሚስተር የሲጋራ መተርኮሻም ከዚያች አንዲት ቃል ውስጥ መውጣት ነበረባቸው። ለዚህ ድንጋይ ግን ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይለምነዋል።

የሚያጠናው እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን የኢንቴል 8086 ፕሮሰሰር ነው። አዲሱን ለምን አያስተምሯችሁም ብዬ ብጠይቀው፣ «መሠረቱ ይኼ ነው» አለኝ። እሺ። ሬጅስተር የሚሉት እንደ ኤኤክስ ያለ ቁጥር መያዣ 16 ቢት ነው፤ ከ65,535 በላይ አይችልም። ታዲያ ቤይሩት ተቀምጦ 65,535 ምን ያደርጋል? ዶላር በ1,507 ሊራ በሚመነዘርበት ዘመን ያምርበት ነበር። ዛሬ አንዱ ዶላር 89,500 ገብቷል። እስቲ ይህን አስይዘው አልኩት። 60,000 ኤኤክስ ላይ አስቀመጠና 29,500 ደመረበት። ምን ወጣ? 23,964!

«ሌላውስ የት ገባ?»

«ሞልቶ ፈሰሰ፣ እማማ። ይኸው፣ ካሪ ፍላግ አንድ ሆኗል።»

መፍሰሱን የምታሳብቅ አንዲት ቢት ናት አሉ። ይሁን፤ ይህ ደነዝ እንኳ ሲበላ ምልክት ያሳያል። በ2019 ባንኮቹ የሰው ዶላር ቆልፈው ሲቀመጡ ለኛ ማን ምልክት አሳየን?

ይህን እየተናገርኩ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሰፈሩ ሞተር እስኪነሳ ኤኤክስም ቢኤክስም የያዙትን ሁሉ ረስተው ቁጭ አሉ። የሞተሩም ነገር ያው 5 አምፔር ነው፣ የእንጀራ ምጣድ የማይታሰብበት።

ልጁ ሊያጽናናኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ «በ1985 የመጣው 386 እኮ እስከ 4,294,967,295 ይይዛል፤ ለሊራ ከበቂ በላይ ነው» አለኝ።

«ይህን ለሊራው ነግረኸዋል?» አልኩት።