ሸክላና ጀበና እንዳይምታታብዎ

ሸክላ መሰብሰብ ካማረዎ በመጀመሪያ ቃሉን አሟልተው ይጥሩ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ገብተው «ሸክላ የት ይገኛል?» ያሉ እንደሆነ፣ አንድ ደግ ሰው ክንድዎን ይዞ ሸክላ ሠሪዎቹ ወዳሉበት ወደ ወለቃ የሚወስደውን መንገድ ያሳይዎታል፤ ጀበና ታቅፈው ይመለሳሉ። እኔ በዚህ ዓይነት ሁለት ጀበና ገዝቻለሁ። ስለዚህ «የዘፈን ሸክላ» ይበሉ፤ ጣትዎንም በአየር ላይ ያሽከርክሩ።

ቀጥሎ ታሪክ ያጥኑ። ለመያዝ አያስቸግርም፣ እሸቴ የሚለውን ስም ማወቅ ይበቃል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። አምሃ እሸቴ ደግሞ በ1969 ማሳተም ጀመረ፤ ያስዘፈነው ማንን ነው? ዓለማየሁ እሸቴን። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ዘመን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ዘፈኑን አስቀርጾ ባሕር ማዶ አሳተመው። እስከ 1975 ድረስ ባለ ሁለት ዘፈኖቹ ትንንሽ ሸክላዎች 103 ደረሱ። ይህን ቁጥር ባልነግርዎ ይሻል ነበር፤ ካሁን በኋላ 103ቱም እስኪሞሉ እንቅልፍ የለዎትም።

በዚሁ መካከል ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊው ጭፈራ ቤቱን ጭር አደረገው፤ ካሴትም ተከተለ። ሸክላው ቁም ሳጥን ላይ ወጣ፣ አቧራ ለበሰ፣ ተረሳ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ እነዚህን ዘፈኖች ለዓለም ካሰማ ወዲህ ግን ፈረንጅ ለአንዲት ብርቅ ሸክላ በመቶ የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ይህን ወሬ ሸክላውን ለሚሸጡልዎ እቴቴ እንዳይነግሯቸው። ያውቁታል፤ ቢሆንም አይንገሯቸው።

ሲገዙ ፊት ለፊቱን አይተው አይቸኩሉ። ወደ መስኮት ይውሰዱት፣ ያጋድሉት፣ ጭረቱን በብርሃን ይቁጠሩ። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት በእስክሪብቶ የሰው ስም ተጽፎበት ካገኙት ሳይከራከሩ ይክፈሉ። ባለቤቱ ስሙን የጻፈው ለጭፈራ ያዋሰው ሸክላ እንዲመለስለት ነበር። አልተመለሰለትም፤ ይኸው እርስዎ እጅ ገባ። የእኔኛው ላይ ከስሙ በታች «አደራ» የሚል ተጨምሮበታል። ያቺ ቃል ባለችበት ወገን ያለውን ዘፈን እስከዛሬ ሳልሳቀቅ ሰምቼው አላውቅም።

ማጫወቻ ያስፈልጋል የሚሉዎትን አይስሙ። ከእኛ ወገን ግማሹ መርፌ የለውም፤ መርፌ ያለውም መርፌው ስለሚዘል ላዩ ላይ ስሙኒ ያስቀምጣል። ሸክላ በዋናነት የሚሰበሰበው እንግዳ ሲመጣ ከከረጢቱ አውጥቶ፣ ጫፍና ጫፉን ብቻ ይዞ፣ «እንዳትነካው!» ለማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ሸክላ ይዘው ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር አይውረዱ። እኔ ወርጃለሁ። ደባርቅ ላይ በጋቢ ተጠቅልዬ ተነሣሁ፤ ሊማሊሞን በጥምዝምዙ ስንወርድ መጀመሪያ ጋቢው፣ ከዚያ ኮቱ ወለቀ። የጥላሁን ገሠሠን ሸክላ መኪናው መስታወት ሥር አስቀምጬው ኖሮ፣ ድብ ባሕር ስንደርስ በማግስቱ እንደተገኘ እንጀራ ጠርዙ ተነሥቷል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አሮጌ ማጫወቻ ተገኘና ምን ይደረግ፣ ጫንነው። መርፌው ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ድምፁም አብሮት ይወዛወዛል። አፍሬ ላነሣው እጄን ስሰድ አንድ ጋሼ በዱላቸው ከለከሉኝ።

«ተወው ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ጥላሁን ድሮም እንዲህ ነበር የሚያርገበግበው።»