ጎሿ በጡረታ፣ አሠልጣኙ በ54 ሚሊዮን

ለተከበሩ ጋሼ፣
አሰላ።

የወንድምዎ ልጅ ከናፍቆትና ከቤት ኪራይ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። እትዬም ልጆቹም ደህና መሆናቸው በቴሌግራም ተሰምቷል። የኮሌጁን እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ መግባትዎም ተሰምቷል፤ እንኳን ደስ ያለዎት ለማለት ግን ልጅዎ ትንሽ አመንትቷል። ቡድኑ በሠንጠረዡ ግርጌ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ዕጩዎቹ ሦስት ናቸው፤ ኮሚቴው አምስት ሰው ሆኖ ሳለ አስተያየቱ ሰባት ደርሷል አሉ።

«አሜሪካኖች ለኮሌጅ ቡድን አሠልጣኝ ሲቀጥሩ ምን ይመዝናሉ? አጣርተህ ጻፍልኝ» ባሉት መሠረት ተጣርቷል። ልጅዎ የሚኖርባት አውሮራ ከዴንቨር ጋር የተያያዘች ከተማ ናት፤ ኮልፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ ክትፎም ሽሮም አይጠፋም። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት ታክሲ ነጂዎችና የፓርኪንግ ሠራተኞች ስለ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከቦርዱ ያላነሰ ያውቃሉ፤ ከቦርዱ ይበልጥ ደግሞ ይጮኻሉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነውና እትዬ እየቀነሱ ያንብቡልዎ።

ጨዋታው እርስዎ የሚያውቁት ኳስ አይደለም። ከእኛው ጋር የሚያገናኘው 11 ለ11 መሆኑ ነው። አንድ ቡድን በአራት ሙከራ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደፊት ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል፤ የቀረው መጋጨት ነው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው ይባላል፤ ቦልደር ከተማ ያለው ስታዲየማቸው ግን ከ50 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ራልፊ የምትባል እውነተኛ ጎሽ፣ ጎረምሶች ገመዷን በግራና በቀኝ ይዘው፣ ሜዳውን በሩጫ ትዞራለች። ስድስተኛዋ ራልፊ በ2025 ክረምት ጡረታ ወጣች። ዩኒቨርሲቲው የሰጠው ምክንያት የመሮጥ ፍላጎት አጣች የሚል ነው። የአርሲ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ልጅዎ ለጓደኞቹ ለማስረዳት ሞክሯል። ዴንቨር «የአንድ ማይል ከፍታ ከተማ» ነኝ ብላ በ1,609 ሜትሯ ስትኮራ፣ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ መሆኗን በየአጋጣሚው ስለሚናገር ግን አሁን አሁን ማንም ስለ ከፍታ አያነሣበትም።

ወደ ቁም ነገሩ። ኮሎራዶ ለ2006 ውድድር ዳን ሆኪንስን ቀጠረ። ሰውየው በቦይሲ ስቴት 53 ጨዋታ አሸንፎ በ11 ብቻ የተሸነፈ ነበር። ለኮሚቴ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ቦልደር መጥቶ 19 አሸነፈ፣ 39 ተሸነፈ፣ በ2010 ተሰናበተ። ከውጭ የመጣው ሳይሆን ሲቀር ቀጣዩ የቤት ልጅ ሆነ። ጆን ኤምብሪ በ1980ዎቹ ለዚሁ ቡድን የተጫወተ ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርቶ 4 ድልና 21 ሽንፈት አስመዘገበ። የቤት ልጅ ሲመር ደግሞ እንደገና ወደ ውጭ ተሄደና ማይክ ማኪንታየር ከሳን ሆዜ ስቴት መጣ። እሱ እንኳ በ2016 10 ጨዋታ አሸንፎ የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ እስከመባል ደርሶ ነበር፤ በ2018 እሱም ተባረረ።

ከዚያ ሜል ተከር። አንድ ዓመት ሠራ፤ በየካቲት 2020 ከኮሎራዶ ንቅንቅ እንደማይል በአደባባይ በጻፈ በቀናት ውስጥ ሚሺጋን ስቴት ገባ። በዚህ የተቃጠሉት መራጮች፣ ለልጅዎ እንደሚመስለው፣ አንድ መስፈርት ብቻ ቀራቸው፤ የማይሄድ ሰው። ካርል ዶሬል ቀድሞ እዚያው በረዳትነት የሠራ፣ በአካባቢው ቤት ያለው፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። በእርግጥም አልሄደም። በ2022 አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ራሳቸው እስኪያሰናብቱት ድረስ አልሄደም። ሲሄድም ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ የስንብት ክፍያ ታስቦለት ነው። ቡድኑ ዓመቱን በ1 ድልና በ11 ሽንፈት ጨረሰ።

ከዝምተኛው በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደሚመጣ ጋሼ ሳይገምቱ አልቀሩም።

ዲዮን ሳንደርስ በተጫዋችነቱ ዘመን ፉትቦልንና ቤዝቦልን በአንድ ላይ የተጫወተ ኮከብ ነው፤ በአሠልጣኝነት ከጃክሰን ስቴት ጋር 27 አሸንፎ በ6 ብቻ ተሸንፏል። ታኅሣሥ 2022 በአምስት ዓመት 29.5 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም፣ የስፖርት ዳይሬክተሩ ሪክ ጆርጅ ገንዘቡ ገና በእጃቸው እንደሌለ ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናገሩ። በእኛ አገር ቢሆን ይህ ንግግር ራሱ ኦዲተር ይጠራ ነበር። አዲሱ አሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ነባሮቹን ተጫዋቾች ሰብስቦ የራሱን ሻንጣ ይዞ እየመጣ መሆኑን፣ ሻንጣውም የሉዊ ቪቶን ሥሪት እንደሆነ ነገራቸው። ሻንጣ ያለው ሌላ ተጫዋች ነው። በነፃ የትምህርት ዕድል ከነበሩት ልጆች አሥሩ ብቻ ቀሩ። ኳስ አከፋፋዩ የአሠልጣኙ ልጅ ሼዱር፣ ከተከላካዮቹ አንዱም ሌላው ልጁ ሺሎ ሆኑ። አንድ የሐረርጌ ታክሲ ነጂ «ይሄማ የእኛ ሰው ነው» ብሎ የዚያን ቀን የሁሉንም ቡና ከፈለ።

ውጤቱስ? በ2023 የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ የነበረውን ቲሲዩ በሜዳው 45 ለ42 አሸነፉ፤ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ዓመቱ ሲያልቅ 4 ድል፣ 8 ሽንፈት። በሜዳቸው የተደረገው ጨዋታ ትኬት ግን አንድም ሳይቀር ተሸጧል። በ2024 9 አሸንፈው 4 ተሸነፉ፤ ትራቪስ ሀንተር የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይዝማን ዋንጫ ወሰደ። መጋቢት 2025 ሳንደርስ በአምስት ዓመት 54 ሚሊዮን ዶላር አዲስ ውል ፈረመ፤ በሚያዝያ ሀንተርና የአሠልጣኙ ልጆች ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ሄዱ፤ በመኸር ቡድኑ 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ውሉ ከመፈረሙ በፊት እነማን እንደሚለቁ አገር ያውቅ ነበር። ራልፊ ያለ አንድ ሳንቲም ካሳ ወደ ግጦሽ የተሸኘችውም በዚሁ ዓመት ነው።

ልጅዎ ከዚህ ሁሉ ያየው ይህን ነው፤ መራጮቹ የሚፈልጉት ለቡድኑ የሚሆነውን ሰው ሳይሆን ያለፈውን አሠልጣኝ የማይመስለውን ነው። የሄደው ሲያስቀይማቸው የማይሄድ፣ ዝምተኛው ሲያሰለቻቸው ተናጋሪ። ቡድኑ ምን እንደጎደለው፣ ተከላካዩ ይሁን ምልመላው ወይስ ገንዘቡ፣ የሚጠይቅ ሰው ቃለ ጉባኤው ላይ አይገኝም።

በአሜሪካኖቹ ብቻ አይሳቁ። ሰውነት ቢሻው ዋልያዎቹን ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013 የአፍሪካ ዋንጫ አበቁ፤ በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ናይጄሪያ ብቻ እስክትቀራቸው ደረሱ። በጥር 2014 ደቡብ አፍሪካ ላይ ቻን በሚባለው የአፍሪካ ውድድር ሦስት ጨዋታ ያለ ጎል ሲሸነፉ ተሰናበቱ። ያኔ በየቡና ቤቱ የነበረውን ወሬ ጋሼ ያስታውሱታል፤ የአገር ልጅ አበቃ፣ ፈረንጅ ይምጣ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፣ ዓመት ያህል ቆይተው ተሸኙ። ያኔ ደግሞ ፈረንጅ በቃን ተባለ፤ ዮሐንስ ሳህሌ ተሾሙ፤ መጋቢት 2016 አልጄሪያ 7 ለ1 አሸነፈችን። ሦስቱም ሲመረጡ የተመዘነው ፓስፖርት ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ በተቃራኒው የሆነ ታሪክ አለ። ቢል ማካርትኒ በ1982 ተቀጠረ። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1984፣ 1 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። ዩኒቨርሲቲው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ውሉን አራዘመለት። በ1990 ቡድኑ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ስንት ሌላ አሠልጣኝ ተራዝሞለት ምንም እንዳላመጣ ልጅዎም ያውቃል፤ ቢሆንም 1 አሸንፎ 10 የተሸነፈን ሰው ያዩበት ዓይን ያስቀናል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ኢንዲያና ነው። በከፍተኛው ደረጃ ከሚጫወቱት ኮሌጆች ብዙ ጊዜ በመሸነፍ ክብረ ወሰን ይዞ የኖረ ቡድን ነው። በ2023 3 አሸንፎ 9 ሲሸነፍ ከርት ሲግኔቲን ቀጠረ። ዕድሜው 62። ጋሼ ፎቶ አንሥተው በላኩት የመመዘኛ ቅጽ ቢመዘን ይወድቅ ነበር። ሰውየው አላባማን በመሰለ ኃያል ቡድን ረዳት ሆኖ ሲሠራ፣ ትቶት ወጥቶ፣ አባቱ ያሠለጥኑበት የነበረውን አንድ ትንሽ የፔንሲልቬኒያ ኮሌጅ በ2011 ያዘ። የሥራ ልምድ በሚለው ረድፍ ላይ ቁልቁል መውረድ ተብሎ ይቀነስበታል። እሱ ግን ከዚያ ኢሎን፣ ከኢሎን ጄምስ ማዲሰን እያለ በሄደበት ሁሉ አሸነፈ። ኢንዲያና ሲመጣ ከጄምስ ማዲሰን ከአሥር በላይ ተጫዋቾች ተከትለውት መጡ። በመጀመሪያው ዓመት 11 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ፤ በ2025 የውድድር ዘመን አንድም ሳይሸነፍ የአገሪቱን ዋንጫ በላ። ቅጽዎ ላይ «ሌሎች፣ 10 ነጥብ» የሚል ረድፍ አለ። ያ ረድፍ በእኛ ዘንድ ለማን ዘመድ እንደሚሞላ ሁለታችሁም፣ ጋሼም እትዬም፣ ታውቃላችሁ። በምትኩ «ዱሮ ያሠለጠናቸው ልጆች ስንቱ ይከተሉታል?» ተብሎ ቢጻፍበት ምን ይመስልዎታል?

መቼም እንዲህ ያለውን ሰው ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መምጣት አያስፈልግም ነበር። በቆጂ ቅርብ ናት። ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። በ2012 ስለ በቆጂ ሯጮች የተሠራው ዘጋቢ ፊልም በዓለም ዞሯል። ሩጫ ሌላ፣ ኳስ ሌላ ይሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። ቢሆንም ከሦስቱ ዕጩዎች ውስጥ በጧት ብርድ ከልጆች ጋር ሜዳ ላይ የሚገኘው የትኛው ነው? ይህን ለማወቅ ቃለ መጠይቅ አይበቃም። ከኮሚቴው አንድ ሰው ካፖርቱን ደርቦ በ12 ሰዓት ሄዶ ይይ። ልጅዎ ማንን እንደሚጠቁም ይገባዎታል፤ ከእንቅልፍዎ የሚነሡት ለማንኛውም በ11 ነው።

አንድ ነገር ስለ ውሉ። ጎረቤታችን ነብራስካ የገዛ ልጁን ስኮት ፍሮስትን፣ በ1997 ቡድኑን ለሻምፒዮንነት ያበቃውን ተጫዋች፣ አሠልጣኝ አድርጎ 16 ድልና 31 ሽንፈት አገኘ። መስከረም 11 ቀን 2022 አባረሩት። እስከ ጥቅምት 1 ቢታገሡ የስንብት ክፍያው ከ15 ሚሊዮን ዶላር ወደ ግማሽ ይወርድ ነበር። ሦስት ሳምንት መጠበቅ አቃታቸው። ስለዚህ የእናንተም ውል ከመፈረሙ በፊት የስንብት አንቀጹን ለእትዬ ያስነብቡ። የእድሩን ገንዘብ ይህን ሁሉ ዘመን የያዙ ሴት እንዲህ ያለ አንቀጽ አያልፋቸውም፤ ካስፈለገም አሠልጣኙን ራሱን ጠርተው ያስፈርሙታል።

የጠየቁት ማልያ አልተላከም። እዚህ የሚሸጠው ከሥሩ የትከሻ መከላከያ እንዲለበስ ተብሎ የተሰፋ ነው፤ አንዱ ሁለት የአሰላ አጥቂ ይይዛል። ፊሽካ ግን አራት ተልኳል፤ አንዱ ለእትዬ ነው።

ልጅዎ፣
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ