ባለቤቷ የወጣችበት ቅናሽ

የአውሮፓ ኅብረት የረጅም ጊዜ በጀት፣ ማለትም የሰባት ዓመታትን የወጪ ጣሪያ አስቀድሞ የሚወስነው ማዕቀፍ፣ ከአባል አገሮቹ ጠቅላላ ገቢ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ የሚጸድቀው በሙሉ ድምፅ በመሆኑ፣ ማሻሻያ ሲታሰብ ፈቃድ የሚጠየቁት ከነባሩ አሠራር የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በፎንቴንብሎ ጉባኤ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ለብሪታንያ ያስገኙት ቅናሽ፣ ማለትም ከመዋጮ ከፊሉን የሚያስቀር ስልት፣ ውሎ አድሮ ወደ ሌሎች ባለጸጎችም ተዛመተ፤ ብሪታንያ ከኅብረቱ ለመውጣት ስትሰናዳ የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው ኮሚሽን፣ ምክንያቱ አብሯት የሚሄድ መስሎት፣ ቅናሾቹ ሁሉ ቀስ በቀስ እንዲቀሩ በ2018 ሐሳብ አቀረበ። የአባል አገሮቹ መሪዎች ግን በጁላይ 2020፣ አራት ቀንና ሌሊት ከተከራከሩ በኋላ፣ የጀርመንን ባለበት አጽንተው ለኔዘርላንድስ፣ ለኦስትሪያ፣ ለስዊድንና ለዴንማርክ ጨመሩላቸው፤ ሟች ሳይኖር ውርስ ማከፋፈል ይሏል ይህ ነው። ቁጠባ ደግሞ የግድ ስለነበር፣ የኮቪድ ወረርሽኝ ገና ሳይበርድ፣ ለጤና መርሐ ግብር የተጠየቀውን 9.4 ቢሊዮን ዩሮ ወደ 1.7 ቢሊዮን አወረዱት (የኅብረቱ ፓርላማ በኋላ ከፊሉን አስመልሷል)። ከ2028 እስከ 2034 ለሚዘልቀው ዘመን ኮሚሽኑ በጁላይ 2025 ወደ 2 ትሪሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ረቂቅ አቅርቧል፤ ይህም የሚጸድቀው በሙሉ ድምፅ ነው።